የላላው ቺንጋና የእናት ምርቃት

ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሰው ነበረ። ወፍጮ ቤት ነበረው፤ ከአንዲት ልጁ ጋር እዚያው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ይኖር ነበር።

የጠየቅኸኝን ረስቼ ወደ ሌላ ወሬ የሄድኩ እንዳይመስልህ። «አባታችን ሊሞት ሲል የተናገረውን እኔ አንድ ዓይነት፣ ወንድሜ ሌላ ዓይነት አድርገን እናስታውሳለን። ሁለታችንም አልዋሸንም። ታዲያ እውነቱ የማን ነው?» ብለኸኛል። ጥያቄህን ይዘህ ቆየኝ፤ የዚህን ሰው ነገር ልጨርስልህ።

ሰውዬው የቺንጋ ሰው ነው። እህል ያስፈጨ ሁሉ እንደሚያውቀው ሞተሩና የወፍጮው ድንጋይ አይነካኩም፤ የሚያገናኛቸው ያ ሰፊ የጎማ ጠፍር፣ ቺንጋ የምንለው ነው። ቺንጋው ከላላ ሞተሩ እየጮኸ ድንጋዩ ይለግማል፤ ዱቄቱም ሻካራ ሆኖ ይወርዳል። ሰውዬው ይህን የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነበር። ደጅ ተቀምጦ ከሰው ጋር ሲጫወት ድንገት «ቺንጋው ሊንሸራተት ነው» ይልና ይነሳል። ገብተው ሲያዩት እንዳለው ይሆናል። ሰፈሩ «የእሱ ጆሮ አይሳሳትም» ይለው ነበር። እሱም ይህንን አምኖ ይኖር ነበር።

ሚስቱ ታማ አልጋ ላይ በዋለችበት ዓመት ልጃቸው ስንዱ ገና ጥርሷን ያልነቀለች ሕፃን ነበረች። ሴትዮዋ እንደማትነሳ ባወቀች ጊዜ ባሏን ጠራችና «እኔ ሠርጓን አላይም። ስትዳር የሚመርቃት የእናት አፍ እንዳታጣ ምርቃቴን በዚያ ቴፕ ቅዳልኝ» አለችው። ቴፑ እጀታ ያለው፣ ሬዲዮም ካሴትም የሚያጫውት አሮጌ ነገር ነበር፤ ከወፍጮው ትይዩ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ዓመት ከዓመት ዱቄት ሲጠጣ የኖረ። ሰውዬው አቧራውን አራግፎ አመጣው፤ አልጋው አጠገብ አኖረና ቀዩን ቁልፍ ተጫነ። እሷም ትራሷን ተደግፋ ልጇን መረቀች። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች፤ አረፈች።

በሽተኛዋን ያስታመሙት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ባሏና ታላቅ እህቷ አትጠገብ። እሱ ሐኪም ቤት ትተኛ ይላል፤ አትጠገብ ጠበል ትግባ ትላለች። አንድ ጊዜ የእሱ ቃል፣ አንድ ጊዜ የእሷ ቃል እያሸነፈ ያቺን ደካማ ወዲህና ወዲያ ሲያመላልሷት ከረሙ። በለቅሶው ቀን ድንኳኑ ሞልቶ፣ ሙሾው ግሎ ሳለ፣ አትጠገብ ደረቷን እየደቃች ወደ እሱ ዞረችና «ገደልካት!» አለችው። እሱ የሰማው እንዲህ ነው። ሐዘኑ ሲያልፍ ደጄን እንዳትረግጥ ብሎ ላከባት። እሷም አልረገጠችም። ሁለቱም አንድ ከተማ ውስጥ፣ አንዱ ከወንዙ ወዲህ፣ ሌላዋ ከወንዙ ወዲያ ሆነው ዓመታት አለፉ። መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዱ መንገድ ይለውጣል።

በየሙት ዓመቷ አባትና ልጅ ያንን ቴፕ ከፍተው ምርቃቱን ይሰማሉ። «ልጄ ስንዱ፣ የገባሽበት ቤት ይሙቅልሽ። ያፈሰስሽው ይታፈስ፣ የጀመርሽው ይፈጸም። ስትናገሪ የሚሰማሽ፣ ስትስቂ አብሮሽ የሚስቅ አትጪ» ትላለች እናት። ስንዱ የእናቷን ፊት አታስታውስም፤ ድምፅዋን ግን እንደ ገዛ እጇ ታውቀዋለች። ረጋ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ቃሉን እየጎተተ የሚሄድ ድምፅ ነው። ምርቃቱ ሲያልቅ ሰውዬው ፈጠን ብሎ ቴፑን ያጠፋዋል። «ቀሪው ባዶ ነው» ይላታል።

ስንዱ አደገችና ታጨች። የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። ያኔ አባቷን «አባዬ፣ ሙሽራ ሆኜ ከቤት ስወጣ የእማዬ ምርቃት በሰው ሁሉ ፊት ይሰማልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም» አለችው። እሱም ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ይሁን ልጄ» አለ። ደህና መሆኑን ለመፈተሽ ያንኑ ቀን ቴፑን ከፈቱት።

የወጣው ድምፅ የእናት አልነበረም። «ል…ጄ… ስ…ን…» እያለ እንደ ታመመ በሬ አጓራ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ሞተሩ ውስጥ ውስጡን ይዞራል፤ ካሴቱ ግን አይንቀሳቀስም። ሲከፍቱት ክሩ ተጎትቶ ወጥቶ ተጠላልፏል። ስንዱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቷ ክሩን በጥንቃቄ አላቀቀና በእስክሪብቶ አጠንጥኖ መለሰው።

«አትስጊ» አላት። «የምሠራውን አውቃለሁ።»

የቴፑን ብሎኖች ፈትቶ ጀርባውን ሲያነሳው ሳቅ መጣበት። እዚያች ጠባብ ሆድ ውስጥ የእሱው ወፍጮ ተቀምጦ ኖሯል፤ ወዲህ ትንሽ ሞተር፣ ወዲያ ትንሽ መዘውር፣ መካከላቸው እንደ ክር የቀጠነች ጥቁር ቺንጋ። ቺንጋዋ እንደ ባለቤት የለሽ መቀነት ላልታ ተንጠልጥላለች። «ይቺ ናት የምታስፈራን?» አለ። ወፍጮ ቤት እንደሚያደርገው እንዳትንሸራተት ሙጫ ቢቀባት፣ መዘውሩ ላይ ተጣብቃ ተበጠሰች። ከብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ከከመነዳሪ፣ ቀጭን ቀለበት ቆርጦ አስገባ። አሁንስ ዞረ። ግን የቆረጠው አንዱ ጎን ወፍሮ፣ አንዱ ጎን ቀጥኖ ስለነበር ሟቿ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እየተወዛወዘች፣ ኮረኮንች መንገድ ላይ በሚሄድ ጋሪ ላይ ሆና የምትናገር መሰለች። ስንዱ መጀመሪያ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ በመሳቋ አፍራ አለቀሰች።

እንግዲህ ሬዲዮ ሠሪ ዘንድ ሄዱ። ሬዲዮ ሠሪው መናኸሪያው አጠገብ ጠባብ ሱቅ ያለው፣ ሲሠራ የሚያፏጭ ሰው ነበር። ከመነዳሪውን አውጥቶ ጣለ፤ ሙጫውን በጥጥ ጠረገ፤ ከብዙ የአሮጌ ቴፕ ቺንጋዎች መካከል የምትስማማውን መርጦ ገጠመ። ከዚያ ካሴቱን ከተተና ተጫነው።

ሟቿ እየተጣደፈች፣ ቀጭን ሆና፣ ጫጩት የሚጠራ ልጅ መስላ ወጣች።

«ይቺ እማዬ አይደለችም» አለች ስንዱ።

ሰውዬውም ተቆጣ። «አበላሸኸው! እኔ ቀስ የምትል ሚስት ነው ያመጣሁልህ፤ አንተ የምትሮጥ ሰጠኸኝ!»

ሬዲዮ ሠሪው ማፏጨቱን አቆመ። የራሱን የዘፈን ካሴት አውጥቶ በዚያው ቴፕ አጫወተው፤ ዘፋኙ ልክ እንደ ዘፋኙ ዘፈነ። «ይኸው ጋሼ፣ ቴፑ ደህና ነው» አለ። ካሴቱን ቢቀያይሩት፣ ቢደጋግሙት ያው ነው፤ ዘፋኙ ልክ፣ ሟቿ ጫጩት። ሬዲዮ ሠሪው ራሱ ግራ ተጋብቶ አገጩን ሲያሽ ቆየ። ኋላ ግን «ይህ ሲቀዳ ቺንጋው ያኔም ላልቶ ኖሯል» አለ። «በላላ ቺንጋ የተቀዳውን በዚያው በላላ ቺንጋ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። በቀና ቺንጋ ሲሰሙት ይሮጣል።»

«እንግዲያው የላላ ቺንጋ አስገባልኝ!»

«የቱን ያህል የላላ? ቺንጋ ላልቶ ባለበት አይቆምም ጋሼ፣ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። በየዓመቱ እየባሰበት ነው የሚሄደው። አምና የሰማችሁትም እሷ አልነበረችም፤ ከእሷ የዘገየች ሌላ ሴት ናት።»

ስንዱ ይህን ሰምታ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። «ታዲያ እስከዛሬ እኔ የማውቃት ማን ናት?» አለች።

ሬዲዮ ሠሪው ብዙ አስቦ አንድ ነገር አሳያቸው። ከሞተሩ ጀርባ ቀዳዳ አለች፤ በቀዳዳዋ ውስጥ ትንሽ ብሎን ትታያለች። በካቻቢቴ ወዲህ ሲያዞሯት ሞተሩ ይዘገያል፣ ወዲያ ሲያዞሯት ይፈጥናል። «ትክክለኛ ድምፅዋ እዚህ መሐል የሆነ ቦታ ላይ አለ» አለ።

«የት ላይ?»

«እሱንማ የሚያውቃት ሰው ይንገረን። እኔ አላውቃትም።»

ሰውዬው ቴፑንና አንዲት ትንሽ ካቻቢቴ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ወፍጮው በማይሠራበት በእሑድ ቀን ከልጁ ጋር ተቀመጡና ብሎኗን ማዞር ጀመሩ። ድምፁ ዝቅ ሲል ስንዱ «እዚህ ጋ ናት፣ ተው አትንካት!» ትላለች። እሱ «ኧረ እናትሽ እንዲህ የምትጎተት ሴት አልነበረችም፤ ፈጣን ናት፣ ጨዋታዋ እንደ ጅራፍ ነው» ይልና ከፍ ያደርገዋል። ከፍ ሲያደርገው ልጅቱ ጆሮዋን ትይዛለች። ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ ሚስቱን በሐሳቡ ሊጠራት ሞከረ። መሶብ ስታነሳ ወገቧን እንዴት እንደምትይዝ ታየው፤ ሲያስቃት ፊቷን በነጠላ እንዴት እንደምትሸፍን ታየው። አፏን ከፍታ ስትናገር ግን የሚሰማው ከቴፑ የሚወጣው ድምፅ ነው፤ ቴፑ ሲዘገይ እሷም ትዘገያለች፤ ሲፈጥን እሷም ትፈጥናለች። አንድ አልጋ ላይ አብራው የኖረችውን ሴት ድምፅ አጣው። ይህን ለልጁ መንገር አፈረ።

ጎረቤት ጠራ። አንዲት ሴት መጥታ «የእሷ ድምፅ ቀጠን ያለ ነበር፣ ነፍሷን ይማረውና» አለች። አንድ የዕድር ሽማግሌ ደግሞ «ምን ማለትሽ ነው? ስትጠራኝ እኮ ድምፅዋ ማዶ ድረስ ነው የሚሰማው፣ ወፍራም ናት» አሉ። ሁለቱ ተጨቃጨቁ፤ ሴትዮዋ ተቀይማ ሄደች። ሰውዬው ከመጥራቱ በፊት ከነበረው የባሰ ግራ ገባው።

በሳምንቱ ወፍጮ ቤት ደጅ ተቀምጦ ሳለ አንዲት አስፈጪ እፍኝ ዱቄት ይዛ ወጣችና አፍንጫው ሥር ዘረጋችለት። «ይህ ለከብት ነው ለሰው? ቺንጋህ ሲንሸራተት አረፈደ! ጆሮህ የት ሄዶ ነው?» ሰውዬው ብድግ ብሎ ገባ። እውነቷን ነበር። ቺንጋው እየተንሸራተተ ሲያፏጭ እሱ አልሰማም።

ቺንጋውን አጥብቆ ሲወጣ ስንዱ ቴፑን አቅፋ ቆማ አገኛት። ፊቷ ተለዋውጧል።

«ቀሪው ባዶ ነው ብለኸኝ አልነበር?» አለችው። ለብቻዋ ስትሰማ ምርቃቱ ሲያልቅ ሳታጠፋው ትታው ኖሯል። ተጫነችው። ከምርቃቱ በኋላ ትንሽ ዝምታ አለ፤ ከዚያ የሌላ ሴት ድምፅ መጣ። «በቃሽ እንግዲህ እህቴ፣ ደከመሽ። አንተም አጥፋው እንጂ፣ ምን አፍጥጠህ ታያለህ?» የእናቷ ቀጭን ሳቅ ተከተለ፤ ከዚያ ቴፑ ቀጭ ብሎ ጠፋ።

«ይቺ ማናት አባዬ?»

ሰውዬው መሬት መሬት አየ። «አክስትሽ ናት።»

«ያቺ የተጣላናት?»

«እኔ የተጣላኋት።»

«በሕይወት አለች አይደል?»

«አለች።»

«ድምፅዋም አብሯት አለ አይደል?»

ሰውዬው የቺንጋ ሰው ስለሆነ ለመረዳት አልዘገየም። ያን ቀን ሁለቱን ሴቶች የቀዳው አንድ ቺንጋ ነው። የሕያዋ ድምፅ ልክ ላይ ከመጣ፣ የሟቿም በዚያው ልክ ይመጣል። ድምፅ ደግሞ ከፊት ዘግይቶ ነው የሚያረጀው። ይህን ሁሉ በአንዴ ገባው። ግን «አይሆንም» አለ። «ገደልካት ያለችኝን ሴት ደጅ አልረግጥም።» ስንዱ ለመነችው፤ እምቢ አለ። ሠርጉ እየቀረበ ሄደ፤ ድንኳን የሚተክሉ ሰዎች መጥተው ግቢውን ለክተው ሄዱ፤ እሱ አሁንም እምቢ አለ። በመጨረሻ ልጅቱ «ይሁን» አለችው። «ማን እንደመረቀኝ ሳላውቅ እዳራለሁ።» ክፋት አልነበረባትም፤ ደክሟት ነው የተናገረችው። ሰውዬው ግን መቀመጥ አቃተው። ቴፑን በጋቢው ጠቀለለና «ነይ፣ ተከተይኝ» አላት።

ድልድዩን ተሻግረው ሲደርሱ አትጠገብ ግቢዋ ውስጥ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ጸጉሯ ነጭ ሆኗል። ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ አፉን ሊከፍት ሲል በርበሬው አነቀውና ሳል በሳል ሆነ። አትጠገብ ቀና ብላ አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ከበርበሬው ራቅ ብለህ ተቀመጥ» አለችው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ሆነ። ስንዱን ስታይ ግን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጉንጯን ዳሰሰቻት።

«እትዬ» አለ ሰውዬው ሳሉ ሲተወው፣ «እውነቱን ልንገርዎ፤ ለእርቅ አልመጣሁም። ድምፅዎን ፈልጌ ነው።»

«ድምፄን? አንተ?»

የሆነውን ሁሉ ነገራት። ከዚያ ካሴቱን አሰማት። አትጠገብ የእህቷን ድምፅ ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች፤ የራሷን ስትሰማ ግን ግንባሯን ቋጠረች። «ይቺ እኔ ነኝ? አይመስለኝም፤ እኔ እንዲህ አልናገርም።»

«የራሱን ድምፅ የሚያውቅ የለም» አለ ሰውዬው። «እርስዎ ይናገሩ፤ እኔ እሰማለሁ።»

«ምን ልናገር?»

«ያን ቀን ያሉትን።»

አትጠገብ ጉሮሮዋን ጠረገች። «በቃሽ እንግዲህ እህቴ፣ ደከመሽ» አለች። ሰውዬው ካሴቱን አጫወተ፤ ብሎኗን በጥቂቱ አዞረ። «ይድገሙልኝ።» ደገመች። ቴፑ ገና ይፈጥናል፤ አዞረ። «ይድገሙልኝ።» መጀመሪያ ላይ ነገሩ አሳፋሪ ነበር፤ አንዲት አሮጊት ለቴፕ ስትናገር፣ ቴፑ ሲመልስላት። ስንዱ ሳቋን ዋጠች። ሲደጋገም ግን ነገሩ ተለወጠ። «በቃሽ፣ ደከመሽ» ስትል አትጠገብ ፊት ለፊቷ በሽተኛዋ የተኛች ያህል እጇን መዘርጋት ጀመረች፤ ድምፅዋም ተሰበረ። ሰውዬው ደግሞ ዓመታት ሙሉ መስማት የጠላውን ድምፅ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ቃል በቃል ይሰማ ነበር። እንዲህ አድርጎ ሰምቷት አያውቅም፤ ወዳጅ በነበሩበት ዘመንም ቢሆን።

ትንሽ አዞረ። ትንሽ መለሰ። ከአትጠገብ አፍ የወጣውና ከቴፑ የወጣው አንድ ሆነ። እሱና ስንዱ እኩል ቀና አሉ። ብሎኗን ማዞር ከጀመሩ ወዲህ አባትና ልጅ ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠነና ተጫነው። «ልጄ ስንዱ፣ የገባሽበት ቤት ይሙቅልሽ…»

እናት ስንዱ ከምታውቃት ጥቂት ፈጠን ትላለች። አባቷ ከሚላት ግን በብዙ ትዘገያለች። አብሯት የኖረው እሱ ሆኖ ሳለ ከእውነቱ የራቀው እሱ ነበር። አትጠገብ «አዎን፣ ይችው ናት» እያለች በበርበሬ እጇ ዓይኗን ስትጠርግ በእንባዋ ላይ እንባ ጨመረች፤ ስንዱ ውሃ ለማምጣት ሮጠች።

ልጅቱ ስትርቅ አትጠገብ ዓይኗን እንደጨፈነች «ደጄን እንዳትረግጥ ያልከኝ ለምን ነበር?» አለችው።

«ገደልካት ብለውኝ ነዋ!»

«እኔ?»

«በድንኳኑ ውስጥ፣ ደረትዎን እየደቁ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«ገደልናት ነው ያልኩት» አለች አትጠገብ። «እኔና አንተ። አንተ ሐኪም ቤት፣ እኔ ጠበል እያልን አንድ ቀን እንኳ አሳርፈን አላስተኛናትም። እንደ እኔ እንዲሰማህ ብዬ ነው ወደ አንተ የዞርኩት። በአፌ የተናገርኩትን አላጣውም።»

ሰውዬው ያን ቀን መልሶ ሊሰማው ጣረ። ገደልካት። ገደልናት። ሙሾው፣ ጩኸቱ፣ ደረት ሲደቃ። አንዷን ፊደል መለየት አልቻለም። ከዚህ በፊት ቢሆን ይምል ነበር። አሁን ግን የሚስቱን ድምፅ ያጣ፣ የገዛ ወፍጮው ሲያፏጭ ያልሰማ ሰው ነው።

«እኔ የማስታውሰው አሁንም ገደልካት ነው» አለ። «ግን ጆሮዬን አላምነውም።»

አትጠገብም «እኔም የማስታውሰው ገደልናት ነው» አለች። «ግን ያን ቀን ራሴን አላውቅም ነበር።»

ስንዱ ውሃ ይዛ ስትመለስ ሁለቱ በርበሬውን አብረው ሲቀነጥሱ አገኘቻቸው።

በሠርጉ ቀን ምርቃቱ በሰው ሁሉ ፊት ተሰማ። አትጠገብ ከሰውዬው ጎን ተቀምጣ ነበር። ያቺ ተቀይማ የሄደችው ጎረቤት ግን እስከ መጨረሻው «የሷ ድምፅ ከዚህ ይቀጥን ነበር» ስትል ዋለች። ስለዚያች ስለ ለቅሶው ቃል ደግሞ ሁለቱ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልተስማሙም፤ እሱም ገደልካት እንዳለ፣ እሷም ገደልናት እንዳለች ኖሩ። ግን ቤት ለቤት ይጠያየቁ ነበር፤ እሷ ስትሞትም የቀበራት እሱ ነው።

አሁን ወዳንተ ልመለስ፣ ልጄ።

አባትህ ሲናገር ሰምተኸዋል፤ ወንድምህም ሰምቶታል። ግን በዚያ ቀን ልባችሁ በሐዘን ላልቶ ነበር፤ የቀዳችሁት በላላ ልብ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ ስትደጋግሙት፣ አንተ ወዳንተ፣ እሱም ወደ እሱ እየጎተታችሁ ሌላ አደረጋችሁት። እውነቴን ነው ስትል ውሸትህን አይደለም፤ ቺንጋው ላንተ ሳይነግርህ ነው የላላው። ብሎኗን ብቻህን ስታዞር ብትከርም የምትቆመው ደስ የሚልህ ቦታ ላይ ነው እንጂ አባትህ ጋ አይደለም። እኔን መጠየቅህም ያችን ጎረቤት እንደ መጥራት ነው። ምን አውቄ?

የሞተ ሰው መጥቶ «ድምፄ ይህ ነው» አይልህም። በዚያ ቀን አልጋው አጠገብ አብሮህ የነበረው፣ ዛሬም አፍ አውጥቶ መናገር የሚችለው ወንድምህ ብቻ ነው። የአባትህን ቃል ከመፈለግህ በፊት የወንድምህን ድምፅ ልክ አግኘው፤ እንዴት እንደሚናገር፣ ምን እንዳመመው፣ ያን ቀን ወደ ማን ዞሮ እንዳለቀሰ። እሱ ልኩ ላይ ሲመጣ አባታችሁም ይጠጋል። ምናልባት አንዲት ቃል ሳትገኝ ትቀር ይሆናል። ትቅር፤ ሰው አንዲት ቃል ጎድላበት ይኖራል፤ ወንድም ጎድሎበት መኖሩ ነው ክፉው።

ተነሥና ሂድ። ስትደርስ ግን «ትክክሉ የማን ነው?» ብለህ እንዳትጀምር። «አንተ ምን ሰማህ?» በለው። ሲናገርም እስኪጨርስ አታቋርጠው።